የእምዬ ንቅሳት እንዳይጠፋ፦ የስልክና የካሜራ ፎቶን የማቆየትና የማሳመር ዝርዝር መመሪያ

አባቴ የመጨረሻውን ጤፍ የወቃው በ2011 ዓ.ም. ነበር። አውድማው ላይ በሬዎቹ ሲዞሩ፣ እርሱ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲከተላቸው፣ ከበስተኋላው የጮቄ ተራራ በጠዋት ጉም ተሸፍኖ፣ ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ አነሣሁ። ሁሉም ስልኬ ውስጥ ባለች አንዲት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አልነበሩም። ከሁለት ወር በኋላ ስልኩ ካርዷን አላነብ አለ። ጥገና ቤት ወሰድሁት። ጠጋኙ ሳይጠይቀኝ ፎርማት አደረጋትና «ተስተካክሏል» ብሎ መለሰልኝ። እኔም የሆነው ስላልገባኝ በዚያችው ካርድ ላይ ሳምንቱን ሙሉ አዳዲስ ፎቶ አነሣሁባት። ኋላ በማዳኛ ፕሮግራም የተመለሱልኝ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከእነዚያ መካከል የአባቴ ፊት የሚታየው በሁለቱ ብቻ ነው። በዓመቱ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለዘመድም ለጎረቤትም ፎቶ የማደራጀት ሥራ በእጄ ገባ። ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «እንዴት ላሳምረው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ «ስንት ቦታ አለ?» እላለሁ። ማቆየት ይቀድማል፣ ማሳመር ይከተላል፤ ዋናው ፎቶ ግን መቼም አይነካም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

የተበተነውን መሰብሰብ

የአንድ ቤተሰብ ፎቶ አንድ ቦታ አይገኝም። ግማሹ በስልክዎ፣ ግማሹ መሳቢያ ውስጥ በተኛው ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ስልክ፣ ሌላው ባሕር ዳር ባለችው እኅትዎ ቴሌግራም ውስጥ፣ የሠርጉ ደግሞ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ከፎቶ ቤቱ ይጀምሩ። ፎቶ ቤቶች ቦታ ሲጠባቸው የቆየውን ያጠፋሉ፤ ስለዚህ አልበሙ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ዋና ፋይሎቹን በፍላሽ ይቀበሉ።

ከዘመድ ሲቀበሉ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» እንዲልኩልዎ ይንገሯቸው። እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ መጠኑ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንና ሰዓትም ከውስጡ ይወጣል። በስልክ ስክሪን ሲያዩት ልዩነቱ አይታወቅም። አስፍተው ሲያሳጥቡት ግን የአያትዎ ዓይን ሽፋሽፍት የሌለው ጭጋግ ሆኖ ያገኙታል።

ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ «ኮፒ» እንጂ «ከት» አይጠቀሙ። መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ «ከት» የተደረገው ፋይል ከሁለቱም ወገን ሊጎድል ይችላል። ኮፒው ሲያልቅ የሁለቱን ፎልደር የፋይል ብዛትና መጠን ያስተያዩ፤ 843 ከሆነ እዚያም 843 መሆን አለበት። ካርዱን የሚያጸዱት ከዚያ በኋላ፣ ያውም ሁለተኛ ቅጂ ካለዎት ነው።

ካርዱ ተበላሽቶ ወይም በስሕተት ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ከሁሉ በፊት መጠቀም ያቁሙ። ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚጠፋው ፎቶው የት እንዳለ የሚያመለክተው ማውጫ እንጂ ፎቶው ራሱ አይደለም። ፎቶውን የሚያጠፋው በላዩ ላይ የሚጻፍ አዲስ ነገር ነው። እኔን የጎዳኝም ይኸው ነው። ካርዱን አውጥተው በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ይሰኩና «ፎቶሬክ» የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ያስነሡ፤ የተመለሱትን ፎቶዎች ወደዚያው ካርድ ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያስቀምጥ ይዘዙት። የፋይሎቹ ስም አይመለስም፣ ፎቶዎቹ ግን ይመለሳሉ።

ፍላሽዎን ኢንተርኔት ቤት ሰክተው ሲመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ አቋራጭ ሆነው ቢያገኟቸው ደግሞ አይደንግጡ፣ ፎርማትም አያድርጉ። ያ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። በኮምፒውተሩ ማስተካከያ «የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን ይክፈቱ፣ የሥርዓተ ክወናውን ፋይሎች የሚደብቀውን ደግሞ ያጥፉ፤ ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ፎቶዎቹን ኮፒ ያድርጉ፤ ፍላሹን ከዚያ በኋላ ያጽዱ።

ቀን፣ ቦታ፣ ስም

እኛ ጋ የፎቶ አደረጃጀት ከሌላው ዓለም የሚለይበት አንድ ችግር አለ፤ ስልኩ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እኛ በራሳችን እንቆጥራለን። የ2017ን ጥምቀት ያነሡበት ስልክ ፋይሉን 20250119 (ዓመት፣ ወር፣ ቀን) ብሎ ይጠራዋል። የ2016ቱን ደግሞ 20240120 ይለዋል፤ የዚያ ዘመን አዲስ ዓመት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ስለዋለ አንድ ቀን ይገፋል። የዓመቱ ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። «2017» ተብሎ የተጻፈ ፋይል እንግዲህ በእኛ 2009 ወይም 2010 እንጂ 2017 አይደለም። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው የልጁን ክርስትና ከሠርጉ በፊት ያገኘዋል።

የእኔ መፍትሔ ይህ ነው። የፋይሉን ስም አልነካውም፤ ካሜራው እንደሰየመው በፈረንጅ ይቆይ። ፎልደሩን ግን በእኛ አቆጣጠር እሰይማለሁ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ በዓሉና ቦታው። «2017-05-11 ጥምቀት ደብረ ማርቆስ»፣ «2017-05-23 ፈረስ እንጅባራ»። ወሩን በቁጥር፣ ያውም በሁለት አኃዝ የምጽፈው ኮምፒውተሩ በራሱ በቅደም ተከተል እንዲደረድረው ነው፤ ጳጉሜን 13 ትሆናለች። ሁሉንም የሚይዘው ትልቁ ፎልደር ላይ «በዓ.ም.» ብለው ይጻፉበት፤ ከእርስዎ በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዳይሳሳት።

የካሜራውንም ሰዓት ይመልከቱ። ረፋድ ሦስት ሰዓት ካሜራው ላይ 9 መሆን አለበት። በእኛ አቆጣጠር 3 ብለው ከሞሉት ሌሊት ሆኖ ይመዘገባል። አሮጌ ካሜራ ከሆነ ባትሪው ባለቀ ቁጥር ቀኑን ረስቶ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድግስ በፊት ቀኑን ማየት ልማድ ይሁንዎ።

ቀኑን ኮምፒውተር ያውቀዋል። የሰውን ስም ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌ ደግሞ አይጠብቅም። አንድ የቆየ የቡድን ፎቶ ላይ ቤታችን ውስጥ ማንም የማያውቀው፣ ካባ የደረበ ረጅም ሰው ነበር። ስልኬን አስፍቼ ለአያቴ አሳየኋት።

«እምዬ፣ ይህ ማነው?»

መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ፣ ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረገች አየችው። «የአባትህ የክርስትና አባት ነው እንጂ! ያን ቀን ከቢቸና በእግሩ ነው የመጣው። ካባው ግን የእርሱ አይደለም፣ የተዋሰው ነው።»

የተዋሰው መሆኑን እርሷ ባትነግረኝ ኖሮ የት ይገኝ ነበር? ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎልደር ውስጥ «መግለጫ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል እከፍታለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደቆመ፣ የት እንደሆነ፣ ማን እንደነገረኝ። «ዲጂካም» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ጽሑፍ ፎቶው ውስጥ ማስገባት ያስችላል፤ ሁለቱንም ቢያደርጉ ይሻላል። ጽሑፉን በዩኒኮድ፣ ማለትም የዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በሚያነበው የፊደል ሥርዓት ይጻፉ። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ዓይነት ፊደሎች የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፉ ብዙ የቤተሰብ ማስታወሻዎች ዛሬ የማይነበቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ

ይህን ደንብ በስፋት ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ እኛም አገር ያለማሻሻያ ይሠራል። አንደኛው ቅጂ በላፕቶፕዎ፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ሌላ ከተማ። ሦስተኛው ለእኔ ባሕር ዳር እኅቴ ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ ነው። ለፋሲካና ለአዲስ ዓመት ስንገናኝ እንለዋወጣለን፤ አዲሱን ትወስዳለች፣ አሮጌውን ትመልስልኛለች። ቤት ቢቃጠል፣ ሌባ ቢገባ፣ የሁለታችንን ቤት በአንድ ሌሊት አያገኘውም።

«ኢንተርኔት ላይ አስቀምጫለሁ» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። ጉግል ያለክፍያ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እርሱንም ከኢሜይልዎ ጋር ይጋራል። በፈረንጅ ከሰኔ 2021 ጀምሮ ያለገደብ በነጻ መጫን ቀርቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በዚህ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ አይተናል። የልጅዎን ፎቶ ለማየት የኔትወርክ መምጣትን የሚጠብቁ ከሆነ ማኅደሩ በእጅዎ አይደለም ማለት ነው። የይለፍ ቃሉንም ከቤተሰብ አንድ ሰው ይወቀው።

ፍላሽ ማጓጓዣ እንጂ ማኅደር አይደለም። መረጃውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙላት ስለሆነ ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ሊያፈስሰው ይችላል። ገበያ ላይ ደግሞ ጀርባው ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ ሐሰተኛ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ አለ። ኮምፒውተሩንም ያታልለዋል፤ ቦታው ሲሞላ ያለምንም ማስጠንቀቂያ የቀድሞውን ይደመስሳል ወይም ባዶ ፋይል ይመዘግባል። ሲገዙ ሻጩ ፊት ከነደረሰኙ ይረከቡ፤ ቤት ገብተው እስከ አፉ በፋይል ይሙሉትና ሁሉም መከፈቱን ይፈትሹ። ይህንኑ በራሱ የሚሠራ «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» የሚባል ነጻ ፕሮግራምም አለ።

ሃርድ ዲስክ ሲሽከረከር የሚሠራ ስስ ዕቃ ነው። እየሠራ አያንቀሳቅሱት፣ ከኮምፒውተሩ ሳያስለቅቁ አይንቀሉት። ክረምቱን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምረው ያኑሩት። የሠርግ ቪዲዮ ካለዎት ዲስኩን ፎርማት ሲያደርጉ «ኤክስፋት» የሚለውን ዓይነት ይምረጡ፤ «ፋት 32» የሚባለው የቆየ ዓይነት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ሁሉንም ይሰኩና እዚህም እዚያም ፎቶ እየከፈቱ ይመልከቱ።

አንዱን ፎቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስተካከል

አሁን ወደ ማሳመሩ። «የተስተካከሉ» የሚል ፎልደር ይክፈቱ፤ የሚሠሩበትን ፎቶ ወደዚያ ኮፒ ያድርጉ። ጄፔግ፣ ማለትም ስልክና ካሜራ በተለምዶ ፎቶ የሚያስቀምጡበትን የተጨመቀ ፋይል፣ አስተካክለው መልሰው ባስቀመጡት ቁጥር ትንሽ ትንሽ ዝርዝር ይጥላል፤ የጣለውን ደግሞ አይመልስም። ኮምፒውተር ካለዎት «ዳርክቴብል» ነጻ ነው፤ ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ያዘዙትን ለውጥ ብቻ ከጎኑ በትንሽ ፋይል ይጽፋል። በስልክ ለሚሠራ «ስናፕሲድ» ይበቃል፤ ሲጨርሱ ቅጂ አድርጎ እንዲያስቀምጥ ይዘዙት።

ምሳሌዬ እምዬን በጥምቀት ያነሣኋት ፎቶ ነው። ቀትር ነው፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላ ይዛለች። የአገራችን ፎቶ ፈተናው ሁሉ እዚህ አለ፤ ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ልብስና ጥላ ያጠላበት ጠይም ፊት።

ፈተናው የሚጀምረው ሲያነሡ ነው። የስልኩን ስክሪን ነጠላው ላይ ይንኩና ብርሃኑን በጣትዎ ዝቅ ያድርጉ። ፊቱ ቢጠቁር አይጨነቁ። ከጠቆረ ፊት ውስጥ ዝርዝር ይወጣል፤ ከነጣ ነጠላ ውስጥ ግን ምንም አይወጣም፣ ምክንያቱም እዚያ የተመዘገበ ነገር የለም።

ከዚያ በቅደም ተከተል እንሂድ። መጀመሪያ አቋሙን አቃናሁ፤ ከኋላ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ያዘመመ ይመስል ነበር። ከዳር የገባውን የሰው ክንድ ቆረጥሁ፤ የጃንጥላውን ዘርፍ ግን ሙሉውን ተውሁት፣ ጌጡ እርሱ ነውና። ቀጥሎ «ዋይት ባላንስ»፣ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው። ከጃንጥላው ሥር ያለው ጥላ ሰማዩን ስለሚመስል ነጠላው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። መምረጫውን ነጭ ልብስ ላይ ማሳረፍ ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን ልብሱ በእውነት ነጭ መሆኑን ይወቁ። ብዙ ዓመት የታጠበ ጋቢ ወደ ክሬም ያደላል፤ በእርሱ ከለኩ ፎቶው ሁሉ ይቀዘቅዛል። እኔ የለካሁት አጠገቧ በቆመችው ልጅ አዲስ ነጠላ ነው።

ሦስተኛ፣ «ሃይላይትስ» የሚለውን፣ የብሩሁን ክፍል ማስተካከያ፣ ወደ ታች። እስከ ስንት? ቁጥሩን አይዩ፣ ነጠላውን አስፍተው ይዩ። የድሩና የማጉ መስመር፣ የእጥፋቱ ጥላ ሲታይ ያቁሙ። ከዚያ ካለፉ ልብሱ አመድ ይሆናል። አራተኛ፣ «ሻዶውስ» የሚለውን፣ የጨለማውን ክፍል ማስተካከያ፣ ወደ ላይ፣ ጥቂት ብቻ። የቀረውን በብሩሽ ፊቷ ላይ ብቻ ሠራሁ፤ በጣም ቀላል አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ። የፊቷ አንድ ወገን ከሌላው ጠቆር ማለቱን ተውሁት፤ ሁለቱንም እኩል ካበራሁት ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል። አምስተኛ፣ የቀለም ሙሌት («ሳቹሬሽን»)፣ ማለትም የቀለሙ ድምቀት። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ያበዛል። የጥበቡ ቀይ ክር እንደ እሳት ሲነድ ያማረ ይመስላል፤ አስፍተው ቢያዩት ግን ጥልፉ ጠፍቶ አንድ ቀይ ልጥፍ ሆኗል።

አሁን ደግሞ ያላደረግሁትን ልንገርዎ። ስልኮች ያለጥያቄ ከሚያበሩት ነገር ሁሉ የምጠላው የፊት ማለስለሻውን ነው። እምዬ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት፤ በአንገቷም ዙሪያ እንዲሁ። በልጅነቷ በመርፌ ነው የተነቀሰችው። ማለስለሻው ያንን ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥሮ ይጠርገዋል፤ የግንባሯን መስመሮች ይተኩሳቸዋል፤ መልኳንም ያቀላዋል። ፎቶው ውስጥ የምትቀረው ሌላ ሴት ናት። ይህን ማሳመር አልለውም፣ መሰረዝ ነው። የስልክዎ ካሜራ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው «ውበት» የሚለውን ሁሉ ወደ ዜሮ ያውርዱ፤ አለበለዚያ ዋናው ፎቶ ራሱ ሲወለድ ጀምሮ የተሰረዘ ይሆናል።

ጨርሰው ሲያበቁ ያሳድሩት። ማታ ያማረ ሙሌት ጠዋት ሲያዩት ይጮኻል።

ጥቁርና ነጭ፣ የቆየ ፎቶ

ሙሌቱን ዜሮ በማድረግ ብቻ ጥቁርና ነጭ አይሠራም። የመስከረም መስክ ላይ የአደይ አበባው ቢጫና የሣሩ አረንጓዴ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ። የየቀለሙን ብርሃን ለየብቻ የሚያስተካክለውን ክፍል ይክፈቱ፤ ቢጫውን ያብሩ፣ አረንጓዴውን ያጨልሙ። ሰማዩ ላይ ድምቀት ከፈለጉ ሰማያዊውን ዝቅ ያድርጉ። የእንጅባራን ፈረሰኞች በዚህ መንገድ ስሠራ የተነሣው አቧራ ከሰማዩ ተለይቶ ወጣ።

በአልበም ያለውን የወረቀት ፎቶ በስልክ ሲያነሡ ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በማይገባበት ጥላ፣ የካሜራውን መብራት ሳያበሩ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርገው ያንሡ። ከአልበሙ ጋር የተጣበቀውን ለማላቀቅ አይታገሉ፤ እንዳለ ያንሡት። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለ ጀርባውንም ያንሡ።

አሥራ ሦስት ወር

ፎቶ በወረቀት ካልወጣ ቤተሰብ አያየውም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የምሠራው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ አሥራ ሦስት ገጽ፣ ለየወሩ በዚያው ወር የተነሣ አንድ ፎቶ። ለመስከረም አደይ፣ ለኅዳር አጨዳ፣ ለጥር ጥምቀትና ፈረስ፣ ለነሐሴ ቡሄ የሚጨፍሩ የሠፈራችን ልጆች። ፎልደሮቹ በወር ቁጥር ስለተሰየሙ ፍለጋው የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ለኤ 4 ወረቀት በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ 3508 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ 4000 በ3000 ስለሚሰጥ ይበቃል፤ ብዙ ከቆረጡት ግን አይበቃም። በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ይተዉ፣ ጽሑፍ ወደ ጠርዙ አያስጠጉ። ሁሉንም ከማሳተምዎ በፊት አንዱን በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳጥበው ይመልከቱ፤ የስልክ ስክሪን ብርሃን ስለሚያታልል ወረቀቱ ከጠበቁት ጠቆር ብሎ ይወጣል። እኔ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ትንሽ አበራቸዋለሁ። በየገጹ ጀርባ የሰዎቹን ስም ከ«መግለጫ» ፋይሉ እገለብጣለሁ።

ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች ገጿ ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ይተርፋል። እዚያ የማስቀምጠው ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን ነው፤ አባቴ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ እኔ ዞር ያለበትን። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ናት፤ ለዚያ ሁለተኛውን አዘጋጅቻለሁ።